የጨጓራ ቁስለትና ተሰውሮ የኖረው ምክንያቱ



በሀገራችን ከቤተሰቡ መካከል «ጨጓራ አለብኝ» የሚል ሰው የሌለበትን ቤት ማግኘት አስቸጋሪ ነው። ጨጓራ እግዚአብሔር ለሰው ሁሉ የሰጠው የአካል ክፍል ሆኖ ሳለ፣ በዕለታዊ ንግግራችን ግን ስሙ የበሽታ ስም ሆኗል። የሕመሙንም ምክንያት አንዱ በበርበሬ፣ ሌላው በጾም፣ ሦስተኛው በሐሳብና በብስጭት ያመካኛል። «ሆድ ይፍጀው» ብለን የዋጥነው ኀዘን ውሎ አድሮ ራሱን ሆዱን የሚፈጀው ይመስለናል። በመሆኑም ታማሚው ሕመሙን እንደ ዕጣ ፈንታው ወይም እንደ ጠባዩ ፍሬ ተቀብሎ፣ ተልባ እየጠጣና ከመድኃኒት ቤት ማስታገሻ እየገዛ ዓመታትን ያሳልፋል።

የዚህ ትምህርት ዓላማ የሕክምና ሳይንስ ባለፉት አርባ ዓመታት ስለ ጨጓራ ቁስለት የደረሰበትን ዕውቀት ለምዕመናንና ለካቴኪስቶች በቀላል አገላለጽ ማቅረብ ነው። ፍሬ ነገሩም ይህ ነው፦ አብዛኛው የጨጓራ ቁስለት ስሙ ከታወቀ ባክቴሪያ የሚመጣ፣ ተመርምሮ የሚታወቅና በተወሰኑ ቀናት መድኃኒት የሚድን በሽታ ነው። በጽሑፉ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናሳስባለን።

፩. ጨጓራና ሥራው

ጨጓራ የምንበላውን ምግብ ተቀብሎ እያሸ የሚያልምና የሚፈጭ ከረጢት መሰል አካል ነው። ከግድግዳው የሚመነጨው አሲድ እጅግ ብርቱ በመሆኑ በምግብና በውሃ የሚገቡትን አብዛኞቹን ጀርሞች ይገድላል፤ ሥጋንም ያሟሟል። ታዲያ ጨጓራ ራሱን እንዴት አይፈጭም? ብለን ብንጠይቅ፣ ውስጠኛው ገጹ በወፍራም ልጋግ መሰል ልባስ የተሸፈነ ስለሆነ ነው። ይህ ልባስ ሲዳከም አሲዱ ገላውን ይነካዋል። ገጹ ሲቆጣና ሲቀላ የጨጓራ ብግነት ይባላል፤ ጉዳቱ ጠልቆ ገላው ሲቦረቦር ደግሞ ቁስለት ይሆናል። ቁስለቱ በጨጓራው ውስጥ ወይም ከጨጓራው ቀጥሎ ባለው የትንሹ አንጀት መጀመሪያ ላይ ሊወጣ ይችላል።

ስለሆነም ከደረት በታች የሚሰማ ቃጠሎ ሁሉ ቁስለት አይደለም። አሲድ ወደ ጉሮሮ ሲመለስ የሚሰማው ቃር ሌላ ነው፤ ምንም ቁስል ሳይኖር የሚሰማ የሆድ መነፋትና የምግብ አለመስማማትም ሌላ ነው። ሁሉንም «ጨጓራ» በሚል አንድ ስም ስለምንጠራቸው መድኃኒታቸውም አንድ ይመስለናል። ስሕተቱ የሚጀምረውም ከዚህ ነው።

፪. የቀድሞው አስተሳሰብ

ምክንያቱን አለማወቅ የእኛ ሀገር ሰዎች ብቻ ችግር አልነበረም። በአውሮፓና በአሜሪካ የነበሩ ታላላቅ ሐኪሞችም ለረጅም ዘመን ቁስለት የሚመጣው ከአሲድ ብዛት ነው፣ አሲዱን የሚያበዛው ደግሞ ጭንቀትና ያልተስተካከለ አመጋገብ ነው ብለው ያስተምሩ ነበር። በ1910 ዓ.ም. ካርል ሽቫርትስ የተባለ ሐኪም አሲድ በሌለበት ቁስለት የለም የሚለውን ሐሳብ አስፋፋ። በ1915 ዓ.ም. በቺካጎ ከተማ በርትራም ሲፒ የተባለ ሐኪም ታማሚዎች በየሰዓቱ ወተትና ክሬም እንዲወስዱ የሚያዝዝ የአመጋገብ ሥርዓት አወጣ። በዚህ ያልዳኑትም በቀዶ ሕክምና የጨጓራቸው ክፍል ተቆርጦ ይወጣ ነበር።

በ1976 ዓ.ም. ሲሜቲዲን የተባለው አሲድ ቀናሽ መድኃኒት ለሕዝብ ቀረበ። መድኃኒቱን ካስገኙት መካከል ዋነኛው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብላክ በ1988 ዓ.ም. የኖቤል ሽልማት ተቀበለ። በዚያው ዓመትም ከቀድሞው ይልቅ ብርቱ የሆነው ኦሜፕራዞል ወጣ። እነዚህ መድኃኒቶች ቁስለትን በጥቂት ሳምንታት ያደርቃሉ፤ ብዙዎችንም ከቀዶ ሕክምና አድነዋል። ይሁን እንጂ ታማሚው መድኃኒቱን ሲያቆም ከግማሽ በሚበልጡት ሰዎች ላይ ቁስለቱ በአንድ ዓመት ጊዜ ውስጥ ይመለስ ነበር። ጭሱ ቢበተንም ፍሙ ከሥር አልጠፋም ነበርና፣ ታማሚው ዕድሜውን ሙሉ የመድኃኒት ጥገኛ ሆኖ ይኖር ነበር።

፫. በፐርዝ ከተማ የተገኘው ዕውቀት

በምዕራብ አውስትራሊያ በምትገኘው በፐርዝ ከተማ፣ በሮያል ፐርዝ ሆስፒታል የሚሠራ ሮቢን ዋረን የተባለ የፓቶሎጂ ሐኪም ነበር። ሥራው ከታማሚዎች አካል የተቆረጠውን ቅንጣት ሥጋ በማይክሮስኮፕ መመርመር ነበር። በ1979 ዓ.ም. በተቆጣ የጨጓራ ገላ ላይ ጠመዝማዛ ቅርጽ ያላቸውን ባክቴሪያዎች ተመለከተ። በዚያን ዘመን ማንኛውም ባክቴሪያ በጨጓራ አሲድ ውስጥ ሊኖር አይችልም ተብሎ ይታመን ስለነበር፣ ያየውን የተቀበሉት ጥቂቶች ነበሩ። ዋረን ግን ዓይኑ ያየውን አልተወም፤ ብግነት ባለበት ሁሉ ባክቴሪያውን እየፈለገ መዘገበ።

በ1981 ዓ.ም. ባሪ ማርሻል የተባለ በሥልጠና ላይ የነበረ ወጣት ሐኪም ከእርሱ ጋር መሥራት ጀመረ። ሁለቱ በ100 ታማሚዎች ላይ ጥናት አደረጉ። ባክቴሪያውን በቤተ ሙከራ ለማብቀል ግን አልተሳካላቸውም ነበር፤ ምክንያቱም እንደ ተለመደው የማብቀያ ሳህኖቹ ከሁለት ቀን በኋላ ይጣሉ ነበር። በ1982 ዓ.ም. የፋሲካ በዓል ረጅም ዕረፍት ስለነበረ ሳህኖቹ ሳይጣሉ ለቀናት ቆዩ። ሠራተኞቹ ከበዓሉ ሲመለሱ ባክቴሪያው በቅሎ ተገኘ። ባክቴሪያው በተፈጥሮው ቀስ ብሎ የሚያድግ ስለሆነ፣ ጎድሎ የነበረው ትዕግሥት ብቻ ነበር።

የጥናታቸው ውጤት በ1984 ዓ.ም. ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ታተመ። በትንሹ አንጀት መጀመሪያ ላይ ቁስለት የነበረባቸው 13 ታማሚዎች ሁሉም ባክቴሪያው ተገኘባቸው። ሆኖም ብዙ ሐኪሞች አላመኑም፤ «ባክቴሪያው ቁስለት ባለበት የሚጠጋ እንግዳ እንጂ የቁስለቱ ምክንያት አይደለም» አሉ። ማርሻልም በዚያው ዓመት በራሱ ላይ ሙከራ አደረገ። አስቀድሞ ጨጓራው ጤናማ መሆኑን አስመርምሮ ባክቴሪያው ያለበትን ፈሳሽ ጠጣ። ከጥቂት ቀናት በኋላ ማቅለሽለሽና ማስታወክ ጀመረው፤ በ10ኛው ቀን ሲመረመርም ጨጓራው ተቆጥቶ፣ ባክቴሪያውም በውስጡ ሰፍሮ ተገኘ። ቁስለት ግን አልወጣበትም፤ ሙከራው ያረጋገጠው ባክቴሪያው ጤነኛውን ጨጓራ ሊያሳምም እንደሚችል ነው። እንዲህ ያለው ሙከራ በማንም ሊደገም የሚገባው ባይሆንም፣ ብዙዎች ጉዳዩን በአዲስ ዓይን እንዲመለከቱት አድርጓል።

ከዚህም በኋላ በተለያዩ ሀገሮች የተደረጉ ጥናቶች፣ ባክቴሪያው በመድኃኒት ሲጠፋ ቁስለቱ ከጥቂቶች በስተቀር እንደማይመለስ አሳዩ። በ1989 ዓ.ም. ባክቴሪያው ሄሊኮባክተር ፓይሎሪ የሚለውን የዛሬ ስሙን አገኘ። በ1994 ዓ.ም. በአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማት የተሰበሰቡ ሊቃውንት፣ ቁስለትና ይህ ባክቴሪያ አብረው የተገኙበት ታማሚ ሁሉ በፀረ-ባክቴሪያ መድኃኒት እንዲታከም መከሩ። በዚያው ዓመት የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም ባክቴሪያውን ካንሰር ከሚያመጡ ነገሮች ተርታ መደበው። ዋረንና ማርሻልም በ2005 ዓ.ም. የኖቤል ሽልማትን አብረው ተቀበሉ።

፬. ባክቴሪያው እንዴት ይኖራል? እንዴትስ ይተላለፋል?

ሄሊኮባክተር ፓይሎሪ በአሲድ ውስጥ የሚኖርበት ልዩ ዘዴ አለው። ዩሪያ የተባለውን በሰውነታችን ውስጥ የሚገኝ ንጥረ ነገር ወደ አሞኒያ ይለውጣል፤ አሞኒያውም በዙሪያው ያለውን አሲድ ያበርድለታል። ከዚያም በጭራው እየዋኘ ወደ ልባሱ ዘልቆ ይገባና ከአሲዱ ተጠልሎ ይኖራል። በዚያም ሆኖ ገላውን ያስቆጣዋል፣ መከላከያውንም ያደክማል።

ይህ ባክቴሪያ የሰው ልጅ የጥንት ጎረቤት ነው። በ2007 ዓ.ም. የታተመ የዘር ጥናት ባክቴሪያው ከዛሬ 58,000 ዓመት ገደማ በፊት ከምሥራቅ አፍሪካ ከወጡ ሰዎች ጋር ወደ ሌላው ዓለም እንደተሰራጨ አመልክቷል። ዛሬም ከዓለም ሕዝብ ወደ ግማሽ የሚጠጋው ይሸከመዋል፤ በኢትዮጵያ የተደረጉ ጥናቶች ተደምረው ሲታዩም ከተመረመሩት ሰዎች ግማሽ ያህሉ ተገኝቶባቸዋል። ይህን የሚሰማ ሰው ግን ሊደነግጥ አይገባም። ባክቴሪያው ካለባቸው ከ100 ሰዎች ቁስለት የሚወጣባቸው ከ10 እስከ 20 የሚሆኑት ናቸው፤ በካንሰር የሚያዙትም ከእነዚህ እጅግ ያነሱ ናቸው። የቀሩት ምንም ሳይሰማቸው ይኖራሉ።

ባክቴሪያው በአብዛኛው የሚይዘን በልጅነታችን፣ በቤተሰብ መካከል ነው። በምራቅ፣ በትውከት፣ በሰገራ በተበከለ እጅና ውሃ ይተላለፋል። ስለዚህ ንጹሕ ውሃ፣ መጸዳጃ ቤትና በሳሙና እጅን መታጠብ የጨጓራም መድኃኒቶች ናቸው። ጉርሻ የፍቅር ምልክታችን ነውና አይቅር፤ የሚያጎርሰው እጅ ግን የታጠበ ይሁን። ለሕፃን ምግብ አኝኮ መስጠትም ሊቀር የሚገባው ልማድ ነው።

ከባክቴሪያው ቀጥሎ ሁለተኛው የቁስለት ምክንያት በየቤታችን የሚገኝ የሕመም ማስታገሻ ነው። አስፕሪን፣ አይቡፕሮፌንና ዲክሎፌናክ የጨጓራውን መከላከያ ያዳክማሉ። ለወገብና ለጉልበት ሕመም ያለ ሐኪም ትእዛዝ ለወራት የሚውጧቸው አረጋውያን በተለይ ለደም መፍሰስ ይጋለጣሉ። በርበሬና ቡና ሕመሙን ሊቀሰቅሱ ቢችሉም ቁስለትን አይፈጥሩም። ጭንቀትም ሕመሙን ያባብሳል እንጂ የተለመደው ቁስለት መነሻ አይደለም። ሲጋራና መጠጥ ግን ቁስለቱ እንዳይድን ያደርጋሉ።

፭. ምርመራው

ባክቴሪያው መኖሩን ለማወቅ ልዩ ልዩ መንገዶች አሉ። የሰገራ ምርመራና የትንፋሽ ምርመራ ባክቴሪያው አሁን በሰውነት ውስጥ መኖሩን ያሳያሉ። በትንፋሽ ምርመራ ታማሚው ምልክት የተደረገበት ዩሪያ ይጠጣል፤ ባክቴሪያው ካለ ዩሪያውን ስለሚሰብረው ምልክቱ በትንፋሹ ይወጣል። የደም ምርመራ ግን ከዚህ ቀደም የነበረውን አሁን ካለው ለይቶ ስለማያሳይ፣ የዳነውንም ሰው እንደ ታመመ ሊያስቆጥረው ይችላል። በዚህ ምክንያት መድኃኒት ደጋግመው የሚወስዱ ሰዎች አሉ። ኢንዶስኮፒ የሚባለው በአፍ የሚገባ መመልከቻ ደግሞ ቁስለቱን በዓይን ለማየትና ቅንጣት ሥጋ ወስዶ ለመመርመር ይረዳል።

አንድ ብርቱ ማሳሰቢያ አለ። ኦሜፕራዞልን የመሰሉ መድኃኒቶች ባክቴሪያውን ስለሚያዳክሙት ከሰገራና ከትንፋሽ ምርመራ በፊት ለሁለት ሳምንት፣ ፀረ-ባክቴሪያ መድኃኒቶች ደግሞ ለአራት ሳምንት መቆም አለባቸው። አለዚያ ባክቴሪያው እያለ «የለም» የሚል ውጤት ሊመጣ ይችላል። መድኃኒቶቹን ማቆም የሚገባው ግን በሐኪም ምክር ነው።

፮. ሕክምናውና ያንዣበበው አደጋ

ባክቴሪያው በአንድ መድኃኒት ብቻ አይጠፋም። ለብዙ ዓመታት የተሠራበት ሕክምና አንድ አሲድ ቀናሽና ሁለት ፀረ-ባክቴሪያ መድኃኒቶችን፣ ማለትም ክላሪትሮማይሲንንና አሞክሳሲሊንን፣ አጣምሮ የያዘ ነው። ነገር ግን ባክቴሪያው ክላሪትሮማይሲንን እየተላመደ በመምጣቱ፣ የዓለም ጤና ድርጅት በ2017 ዓ.ም. አዲስ መድኃኒት በብርቱ ከሚያስፈልጋቸው ባክቴሪያዎች መካከል ቆጥሮታል። ስለዚህ ዛሬ በብዙ ሀገሮች ቢስመዝ፣ ቴትራሳይክሊንና ሜትሮኒዳዞል ከአሲድ ቀናሹ ጋር ተጣምረው ለ14 ቀናት ያህል ይሰጣሉ። ቮኖፕራዛን የተባለ ከቀድሞዎቹ ይልቅ ፈጥኖ የሚሠራ አሲድ ቀናሽም በጃፓን በ2014 ዓ.ም.፣ በአሜሪካ ደግሞ በ2022 ዓ.ም. ተፈቅዷል።

ባክቴሪያው መድኃኒትን የሚላመደው ለምንድን ነው? አንዱ ምክንያት የእኛ አወሳሰድ ነው። ታማሚው በአምስተኛው ቀን ሕመሙ ሲቀልለት የቀረውን ክኒን ያስቀምጣል፤ ወይም ለጎረቤቱ ያካፍላል። ደካማዎቹ ባክቴሪያዎች ሞተው ብርቱዎቹ ይተርፋሉ፤ የተረፉትም ይራባሉ። ያ ሰው ዳግመኛ ሲታመም የቀድሞው መድኃኒት አይሠራለትም፤ የተላመደውንም ባክቴሪያ ለልጆቹ ሊያስተላልፍ ይችላል። እንግዲህ የታዘዘውን መድኃኒት እስከ መጨረሻው መውሰድ ለራስ ብቻ ሳይሆን ለቤተሰብና ለጎረቤትም የሚደረግ በጎነት ነው።

በሕክምናው ጊዜ የሚከተሉትን ማወቅ ይጠቅማል፦

ሀ. ኦሜፕራዞል ከምግብ ግማሽ ሰዓት ያህል በፊት ይወሰዳል።

ለ. ሜትሮኒዳዞል የሚወስድ ሰው ጠላ፣ ጠጅ፣ አረቄም ሆነ ቢራ አይጠጣም።

ሐ. ቴትራሳይክሊን ከወተት ጋር አይወሰድም፤ ለነፍሰ ጡርና ለሕፃናትም አይሰጥም።

መ. ፔኒሲሊን የማይስማማው ሰው አሞክሳሲሊንን መውሰድ ስለማይገባው አስቀድሞ ለሐኪሙ ይንገር።

ሠ. ቢስመዝ ሰገራን ያጠቁራል፤ ይህ ጉዳት የለውም፣ መድኃኒቱ ሲያልቅ ይጠፋል።

ረ. ሕክምናው ካለቀ ቢያንስ ከአራት ሳምንት በኋላ ባክቴሪያው መጥፋቱ በሰገራ ወይም በትንፋሽ ምርመራ መረጋገጥ አለበት። የሕመሙ መጥፋት ብቻውን በቂ ማስረጃ አይደለም።

ተልባና አብሽ ሆድን ያለሰልሱ ይሆናል፤ ባክቴሪያውን ግን አያጠፉም። ስለዚህ እንደ ምግብ እንጂ በመድኃኒት ፈንታ አይወሰዱ።

ሕክምናው ለማኅበረሰብ ምን ያህል እንደሚጠቅም በታይዋን የሚተዳደሩት የማትሱ ደሴቶች ያስረዳሉ። ከ2004 ዓ.ም. ጀምሮ ነዋሪዎቹ እየተመረመሩ ባክቴሪያው የተገኘባቸው እንዲታከሙ ተደረገ። በ2021 ዓ.ም. በታተመው ሪፖርት መሠረት ባክቴሪያው ያለባቸው ሰዎች ቁጥር ከመቶ 64 ወደ 15 ዝቅ ብሏል፤ በጨጓራ ካንሰር የሚያዙትም ከግማሽ በላይ ቀንሰዋል።

፯. ጾምና መድኃኒት

በቁምስናዎቻችን አንዳንድ ምዕመናን መድኃኒት መውሰድ ጾምን ያፈርሳል ብለው በመስጋት ክኒናቸውን ያዘልላሉ። በ1983 ዓ.ም. የወጣው የላቲን ሥርዓት የቤተ ክርስቲያን ሕግ በቁጥር 919 ውሃና መድኃኒት ከቅዱስ ቁርባን በፊት ያለውን ጾም እንደማያፈርሱ ይደነግጋል፤ ለሕሙማንና ለአረጋውያንም ከዚህ የሰፋ ፈቃድ ይሰጣል። የግእዝ ሥርዓት ምዕመናንም ስለ ዐቢይ ጾምና ስለ ሌሎች አጽዋማት ቆሞሳቸውን ቢጠይቁ ተገቢውን ምክር ያገኛሉ። ጾም የጨጓራ ቁስለትን አይፈጥርም፤ ቁስለት ያለበት ሰው ግን ሕክምናውን እስኪፈጽም ድረስ ከሐኪሙና ከካህኑ ጋር መመካከር ይገባዋል። መጽሐፈ ሲራክም በ38ኛው ምዕራፍ ሐኪምን ማክበር፣ መድኃኒትንም አለመናቅ እንደሚገባ የሚያስተምር መሆኑን ካቴኪስቶች ሊያስታውሱ ይችላሉ።

፰. ጊዜ የማይሰጡ ምልክቶች

የሚከተሉት ሲታዩ ነገ ዛሬ ሳይባል ወደ ጤና ተቋም መሄድ ያስፈልጋል፦ ደም ወይም የቡና አተላ የመሰለ ትውከት፤ እንደ ሬንጅ የጠቆረ ሰገራ፤ በድንገት የሚመጣ ሆድን እንደ እንጨት የሚያደርቅ ብርቱ ሕመም፤ ያለ ምክንያት መክሳት፤ ምግብ ለመዋጥ መቸገር፤ የማያቋርጥ ትውከት፤ የደም ማነስ። ቢስመዝ ወይም የብረት ክኒን የሚወስድ ሰው ሰገራው ሊጠቁር እንደሚችል ተናግረናል፤ ነገር ግን ድካምና ማዞር ከተጨመረበት አይዘናጋ፣ ይመርመር።

መደምደሚያ

የጨጓራ ቁስለት ታሪክ ለሁላችንም ትምህርት አለው። ለብዙ ዘመን ታማሚው «ተጨንቀህ ነው፣ ጠባይህ ነው» እየተባለ በሕመሙ ላይ ወቀሳ ተጨምሮበት ኖሯል። በደሉ ግን የእርሱ አልነበረም። ስለዚህ ሕሙማንን የምንጎበኝ ሁሉ ከመፍረድ ተቆጥበን፣ «ተመርምረሃል ወይ? መድኃኒቱን ጨርሰሃል ወይ? መዳንህንስ አረጋግጠሃል ወይ?» ብለን በፍቅር እንጠይቅ። አበው «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» እንዲሉ፣ ሆድ እንዲፈጀው የተተወው ሕመም ሆድን ይፈጃል፤ ለሐኪም የተነገረው ግን መፍትሔ ያገኛል።

ለውይይት የሚረዱ ጥያቄዎች

1. በአካባቢያችሁ ስለ ጨጓራ ሕመም ምክንያት ምን ይባላል? ከዚህ ትምህርት ጋር የሚስማማውና የማይስማማው የትኛው ነው?

2. የታዘዘን መድኃኒት ሳይጨርሱ ማቆም በራስ ላይና በሌላው ላይ ምን ጉዳት ያስከትላል?

3. በቁምስናችሁ ያለ ሐኪም ትእዛዝ የሕመም ማስታገሻ የሚያዘወትሩ አረጋውያንን እንዴት ልትረዱ ትችላላችሁ?

4. ንጹሕ ውሃና መጸዳጃ ቤት ለሌላቸው ቤተሰቦች ቁምስናው ምን ሊያደርግ ይችላል?